ማኬንዚ ደርን፣ አርምባርና የእናንተ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ማኬንዚ ደርን ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 2025 አቡዳቢ ላይ ቪርና ጃንዲሮባን በ5 ዙር ፍልሚያ በነጥብ አሸንፋ የዩኤፍሲን (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የሚቀላቀሉበት የፍልሚያ ድርጅት ነው) የስትሮውዌት፣ ማለትም የ52 ኪሎ ምድብ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደች፤ በብራዚል ጁጂትሱ፣ ያለ ቡጢ መሬት ላይ በሚታገሉበት ስፖርት፣ ዓለምን ያሸነፈች ሴት ቡጢና እርግጫ ባለበት ፍልሚያም ከላይ ተቀመጠች ብዬ አለፍኩ። ያ እንደማይበቃ ደብዳቤዎቻችሁ ነገሩኝ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ነው። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ቴኳንዶ ሠርቻለሁ፤ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ ጁጂትሱ እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የልጆቹን ክፍል በማሠልጠን አግዛለሁ። ከታች የምታነቧቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደርን አንዱ ቦታ ብራዚላዊት፣ ሌላው ቦታ አሜሪካዊት ተብላ አነበብኩ። የትኛው ነው ትክክል? ደግሞስ ከጁጂትሱ ተነስታ እንዴት ወደ ቡጢ ገባች?
*የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ነው። የተወለደችው ማርች 24 ቀን 1993 በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ነው። አባቷ ዌሊንግተን ዲያስ ብራዚላዊ ነው፤ በስፖርቱ ሰዎች ዘንድ ግን የሚታወቀው «ሜጋቶን» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ጥቁር ቀበቶውን ያገኘው ከሮይለር ግሬሲ እጅ ነው። ሮይለር ደግሞ የብራዚልን ጁጂትሱ ካቋቋሙት ወንድማማቾች አንዱ የሆነው የኤልዮ ግሬሲ ልጅ ነው። እንጀራ እናቷም ባለ ጥቁር ቀበቶ ናት። ማኬንዚ ምንጣፍ ላይ የወጣችው በ3 ዓመቷ ነው።

የአባቷን ነገር ትንሽ ላቆየው፤ ያለ እሱ ልጅቷን መረዳት ይከብዳል። የዓለም ሻምፒዮና በ1996 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ሲጀመር ሜጋቶን ተወዳዳሪ ነበር። ከዚያ በኋላም ከዓመት ዓመት ሳያቋርጥ ተመለሰ። እኩዮቹ አሠልጣኝ ሆነው ዳር ሲቀመጡ እሱ በዕድሜ ልጆቹ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ይታገል ነበር። አንዳንዱን አሸነፈ፣ በብዙዎቹ ተሸነፈ፣ በዓመቱ ግን እዚያው ሰልፍ ላይ ቆመ። ልጅ ይህን እያየች ስታድግ መሸነፍ የሥራው አካል እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ ማስተማር አይጠበቅበትም። በኋላ የደረሰባትን ሁሉ ስታነብ ይህን አስታውስ።

በዲሴምበር 2012፣ በ19 ዓመቷ፣ ጥቁር ቀበቶዋን ከአባቷ እጅ ተቀበለች። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ከ19 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ጥቁር ቀበቶ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ደንቡ በፈቀደላት ዕድሜ ነው ያገኘችው። እኛ ተራዎቹ ከነጭ ተነስተን ጥቁር ለመድረስ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅብናል። 2015 ደግሞ የእሷ ዓመት ነበር፦ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፣ ሳኦ ፓውሎ ላይ የተካሄደው የኤዲሲሲ (ምርጥ ታጋዮች በግብዣ የሚገናኙበት ውድድር ነው) ወርቅ፣ አቡዳቢ ላይ ደግሞ ከታች የምነግራችሁ ድል።

ወደ ቡጢው ዓለም የገባችው በ2016 ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር አለ። በጁጂትሱ ከዓለም አንደኛ የነበረች ሴት በ23 ዓመቷ ቆሞ በመፋለም ረገድ ከሀ ሁ ጀመረች። በጁጂትሱ ውድድር በጀርባሽ ተኝተሽ ተጋጣሚሽን በእግሮችሽ መሃል መያዝ የማጥቂያ ቦታ ነው፤ ጋርድ የሚባለው እሱ ነው። ከላይ ያለችው ሴት ቡጢ እንድታወርድ ሲፈቀድላት ግን ያው ቦታ ፊትን ያስበላል። ርቀት መለካት፣ አገጭን መደበቅ፣ ተመትቶ አለመደንገጥ፣ እነዚህን በ3 ዓመቷ አልተማረቻቸውም። በማርች 2018 ዩኤፍሲ ስትገባ የመጀመሪያ ፍልሚያዋን ያሸነፈችው ዳኞቹ ለሁለት ተከፍለው ነው። በሜይ 2018፣ በአባቷ አገር ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ከተፈቀደው 7 ፓውንድ ጨምራ ሚዛን ላይ ወጣች፤ 3 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ተጋጣሚዋን በመጀመሪያው ዙር አንቃ እጅ አሰጠቻት፤ እኔ ግን ያንን ድል እንደ ሙሉ ድል አልቆጥረውም። ክብደቷን አክብራ የመጣች ሴት 3 ኪሎ ከምትበልጣት ጋር ልትታገል አይገባም።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ጁጂትሱ ይማራል። ኤምሬትስ ውስጥ ይህ ስፖርት እንዲህ የተወደደው ለምንድን ነው? ትንሽ ሰው ትልቁን ይጥላል የሚሉትስ እውነት ነው ወይስ ለማስታወቂያ ነው?
*አባት፣ ከአቡዳቢ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አንድ ሰው ነው። የአቡዳቢ ገዢ ቤተሰብ አባል የሆኑት ሼክ ታህኑን ቢን ዛይድ አሜሪካ በነበሩበት ጊዜ ጁጂትሱ ተምረው ወደዱት፤ አገራቸው ተመልሰው በ1998 የኤዲሲሲን ውድድር አቡዳቢ ላይ አስጀመሩ። የዓለም ምርጥ ታጋዮች በግብዣ የሚመጡበት ውድድር ሆነ። ሴቶች የተጨመሩበት ግን በ2005 ነው። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ጁጂትሱ በአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንደ ትምህርት መሰጠት ጀመረ። ልጅዎ የሚማረው ከዚያ የመጣ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ እዚያው እርስዎ ካሉበት ከተማ ምሳሌ ልስጥዎት። በ2015 የአቡዳቢ ወርልድ ፕሮ ውድድር ላይ ክብደት ሳይለይ በሚካሄደው ምድብ ደርን ከጋቢ ጋርሲያ ጋር ተገናኘች። ጋቢ 1 ሜትር ከ88 የምትረዝም፣ ክብደቷ ከ90 ኪሎ በላይ የሆነ፣ የዓለም ሻምፒዮናን በተደጋጋሚ የወሰደች ብራዚላዊት ናት። ደርን ቁመቷ 1 ሜትር ከ63 ገደማ፣ ክብደቷም ከ60 ኪሎ በታች ነበር። ደርን አሸነፈች። የጋቢን ክንድ አልሰበረችም፣ አላነቀቻትም፤ በእንቅስቃሴ አድክማ፣ ከስር ሳትያዝ፣ በዳኞቹ ቆጠራ በልጣ ነው የወጣችው።

ስለዚህ አዎ፣ ይሆናል። ግን ልጅዎን እንዳያታልሉት፦ ሁለቱ እኩል ካወቁ ትልቁ ነው የሚያሸንፈው። የክብደት ምድብ የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ትንሹ የሚያሸንፈው በአንድ ቦታ ላይ ከትልቁ የበለጠ አካል ማሰባሰብ ሲችል ብቻ ነው። ደርን የምትታወቅበትን አርምባር ልውሰድና ላሳይዎት። እሷ በጀርባዋ ተኝታለች፤ የተጋጣሚዋን አንድ ክንድ በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ ለጥፋለች። አንዱን እግሯን በአንገት ላይ፣ ሌላውን በብብት ስር አሳልፋ ጉልበቶቿን ታጣብቃለች። የተያዘው አውራ ጣት ወደ ላይ ይታያል፤ ክርኑ ከእሷ ዳሌ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ዳሌዋን ወደ ላይ ታነሳለች፣ በቃ። ድንጋይ በድጅኖ እንደ መፈንቀል ነው፤ አንድ ክንድ የሚታገለው ከሁለት እግር፣ ከጀርባና ከዳሌ ጋር ነው። እጅ መስጠት የፈለገ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፣ ወዲያው ይለቀቃል። ጉልበቶቹ ከላሉ ግን ክርኑ ሾልኮ ይወጣል፤ ሁሉ ነገር ፈረሰ ማለት ነው። እኔ ልጆቹን ቅዳሜ የማስጨርሳቸው ይህንኑ ነው፦ «ጉልበት ገጥሟል?»

ሌላው የሚገርመኝ ጋቢን ያሸነፈችበት ከተማና ከ10 ዓመት በኋላ ቀበቶዋን የወሰደችበት ከተማ አንድ መሆናቸው ነው። ያስ ደሴት ያለው ኢቲሃድ አሬና ከእርስዎ ሩቅ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የእጅ ኳስ ተጫዋች ነኝ። ከወለድኩ 3 ወር ሆነኝ። አሠልጣኜ «አሁንማ ልጅሽን አሳድጊ» አለኝ። ደርን ወልዳ ነው የተመለሰችው ሲባል ሰማሁ። እንዴት አድርጋ ነው? እኔስ መቼ ልመለስ?
*እናት፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አሠልጣኝሽ ያለሽን ሳነብ ተናድጃለሁ። ደራርቱ ቱሉ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ለሀገሯ አምጥታለች፤ በዚያች ሀገር የሚያሠለጥን ሰው ይህን ሊረሳ አይገባም።

አሁን ስለ ደርን እውነቱን ልንገርሽ፤ አስጌጬ ብነግርሽ ትጎጃለሽ። ሴት ልጇን በጁን 2019 ወለደች። ኦክቶበር 12 ቀን 2019 ታምፓ ከተማ ላይ ከአማንዳ ሪባስ ጋር ገጠመች፤ 4 ወር ብቻ ቆይታ ማለት ነው። ሪባስ ሦስቱንም ዙር በጡጫ እየቀደመቻት አሸነፈች። በዚህ ሙያ የመጀመሪያ ሽንፈቷ ያ ነው። እሷ ሰበብ ብታቀርብም ባታቀርብም እኔ ግን እላለሁ፦ 4 ወር ቶሎ ነው። ከወሊድ በኋላ ጅማቶች ገና አልጠነከሩም፣ የሆድ ጡንቻ ከመሃል ተከፍሎ የቆየባት ብዙ ሴት አለች፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ከደርን ፍጥነቱን አትውሰጂ።

የምትወስጂው ቀጥሎ ያለውን ነው። ከሽንፈቱ በኋላ ተመልሳ ሥራዋን ያዘች። በሜይ 2020 የሃና ሳይፈርስን ጉልበት ቆልፋ እጅ አሰጠቻት፤ በዩኤፍሲ ታሪክ ሴት በእግር ቁልፍ ስታሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዲሴምበር 2020 ደግሞ ቪርና ጃንዲሮባን በነጥብ አሸነፈች፤ ይህን ስም ያዢልኝ። ሪባስን ዳግም ያገኘቻት በጃንዋሪ 2025 ነው። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ቀርተው ነበር፤ ሪባስ እስከ ደወሉ ብትቆይ ኖሮ ውጤቱ ለዳኞች ነው የሚተርፈው። ደርን ግን የሪባስን ክንድ አግኝታ በአርምባር ጨረሰች። ከመጀመሪያው ሽንፈት እስከዚያ ክንድ ድረስ 5 ዓመት አልፏል። ልጇ ትምህርት ቤት ገብታለች።

ላንቺ የምመክርሽ፦ በመጀመሪያ ወደ ጤና ባለሙያ ሄደሽ የሆድሽንና ከሆድ በታች ያለውን ጡንቻ አስመርምሪ። በተለይ በቀዶ ሕክምና ወልደሽ ከሆነ ይህን አትዝለዪ። ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ቀላል የጉልበት ሥራ፣ ዝላይና ግጭት መጨረሻ ላይ። ስታስነጥሺ ወይም ስትዘዪ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ሰውነትሽ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ በእንቅስቃሴ ይስተካከላል። ለአሠልጣኝሽ ደግሞ የምትመለሺበትን ወር ቆርጠሽ ንገሪው እንጂ ፈቃድ አትጠይቂው። ሌላ ጊዜ ጻፊልኝ፣ እንዴት እንደሆንሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ጁጂትሱ ካልተመዘገብኩ ብላ አስቸግራኛለች። ሄጄ አየሁት፤ ወንድና ሴት መሬት ላይ ተያይዘው ይንከባለላሉ። ደነገጥኩ። ባለቤቴም አይሆንም ብሏል። ምን ይሻለኛል?
*እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ እህቴ፣ ድንጋጤዎ ይገባኛል። እናቴም ይህን ስፖርት ስታይ ዓይኗን ነው የሸፈነችው። መልሴ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ የእኛ ቤተሰቦች በቃል የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ምን እያሰቡ እንደሆነ ልንገርዎት። አንዷ ከስር ያለች ልጅ የምታስበው «ክርኔን የት ልደብቅ፣ ዳሌዬን በየት በኩል ላውጣ» ነው። ሌላ ሐሳብ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ትንፋሽም የለም። ውጪ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው መተቃቀፍ ነው፤ ውስጥ ያለው ግን የሚያየው እጅጌ፣ ጉልበትና ክርን ነው። ይህን በቃል ከምነግርዎት ዳር ተቀምጠው አንድ ሙሉ ትምህርት ቢያዩ ይሻላል። ወላጅ ቁጭ ብሎ እንዲያይ የማይፈቅድ ጂም ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ይህን ያለ ማመንታት ነው የምለው።

የ13 ዓመት ሴት ልጅ ከሴት ጋር ብቻ እንድትለማመድ መጠየቅ መብትዎ ነው። ጥሩ ጂም «እሺ» ይላል። ብዙ ቦታ የሴቶች ብቻ ሰዓት አለ። ልጅቷም ራሷ «ከዚህ ሰው ጋር አልታገልም» ማለት እንደምትችል ከመጀመሪያው ቀን ሊነገራት ይገባል፤ ምክንያት እንድትሰጥም መጠየቅ የለባትም። አሠልጣኙ ከልጆች ጋር በግል ስልክ መልእክት የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ብቻቸውን በመኪና የሚወስድ ከሆነ፣ በር ዘግቶ የግል ትምህርት የሚሰጥ ከሆነ ጥሩ ነው ብሎ ዓለም ቢያመሰግነው አይስጡት። ቀበቶና ሜዳሊያ የሰውን ጠባይ አይመሰክርም። ሴት አሠልጣኝ ካለች ደግሞ ስንት ማይል ቢርቅም ለመጀመሪያው ዓመት እሷ ጋ ይሂዱ ባይ ነኝ።

ልብሱን በተመለከተ፦ ከጊው (ከልምምዱ ልብስ) ስር እስከ አንጓ የሚደርስ ጥብቅ ሹራብና ረጅም ታይት ይለበሳል። ፀጉሯን በሹሩባ ተሠርታ በላስቲክ ትሰር፤ ዶቃና ብረት ያለበት ጌጥ ግን ይወልቅ። ፀጉር መሸፈን ለሚፈልጉ ሴቶች የዓለም አቀፉ ደንብ የስፖርት መሸፈኛ ይፈቅዳል። የእጅና የእግር ጥፍር ይቆረጥ። ከልምምድ መልስ ቀጥታ ሻወር፣ ጊውም በዚያው ቀን ይታጠብ፤ ጭርትና የቆዳ ኢንፌክሽን በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው። ልጅዎ ቆዳዋ ላይ ክብ ነገር ካየች እስኪድን ድረስ አትሂድ።

ጉዳትን በተመለከተ ለልጆች የእግር ቁልፍ የተከለከለ ነው። ቡጢም እርግጫም የለም። ከ16 ዓመት በታች ቀበቶው ነጭ፣ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ እያለ ይሄዳል፤ ሰማያዊ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በዓመት ውስጥ «ልጅሽን ጥቁር ቀበቶ አደርጋታለሁ» የሚል ሰው ካለ ገንዘብዎን ነው የፈለገው።

ለባለቤትዎ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ሴት ልጅ ከሷ የሚከብድ ሰው ላይዋ ላይ ሲሆን እንዴት እንደምትተነፍስ፣ እንዴት ቦታ እንደምትፈጥርና እንደምትወጣ የሚያስተምር ስፖርት ከጁጂትሱ ሌላ እኔ አላውቅም። አባት ለሴት ልጁ ይህን መመኘት አለበት። መጀመሪያ ክፍሉን መጥቶ ይይ፤ ከዚያ እምቢ ቢል እንኳ አይቶ እምቢ ይበል።

ጥያቄ፦ ሴቶች በዚህ ስፖርት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወዳደሩት? ግሬሲዎቹ ሴት ልጆቻቸውን ያሠለጥኑ ነበር?
*መምህር፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ብራዚል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ነገሩ በሕግ የተዘጋ ነበር። በ1941 የወጣ ድንጋጌ ሴቶች «ከተፈጥሯቸው ጋር የማይስማማ» ስፖርት እንዳይሠሩ ከለከለ፤ በ1965 ደግሞ ዝርዝሩ ወጣ፣ ማናቸውም ዓይነት ትግልና እግር ኳስም ተጠቀሱበት። የተነሳው በ1979 ነው። ከሰሜን ብራዚል ከሮራይማ የመጣችው ኢቮኔ ዱዋርቴ ሪዮ ውስጥ ጁጂትሱ የጀመረችው በ1978 ነው፤ እገዳው ገና ሳይነሳ። በ1985 የሪዮ ውድድር ለሴቶችም እንዲከፈት ተሟገተች፣ ተከፈተም። በ1990 ከኦስቫልዶ አልቬስ እጅ በስፖርቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ባለ ጥቁር ቀበቶ ሴት ሆነች። በ2021 ደግሞ ከጥቁር በላይ ያለውን ኮራል ቀበቶ ስትቀበል ከሴቶች የቀደማት አልነበረም።

ግሬሲዎቹን በተመለከተ ወንዶቹ ነበሩ የሚታገሉት። ቤተሰቡ ውስጥ የጥቁር ቀበቶውንና የውድድሩን መንገድ በይፋ የከፈተችው ኪራ ግሬሲ ናት። በ1985 ሪዮ ተወለደች፤ የመሥራቹ የካርሎስ ግሬሲ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ጥቁር ቀበቶዋን በ2006 ከካርሎስ ግሬሲ ጁኒየር እጅ አገኘች፣ ኤዲሲሲን በ2005፣ በ2007ና በ2011 አሸነፈች። ልብ ይበሉ፣ 2005 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደላቸው ዓመት ነው፤ በሩ እንደተከፈተ ነው የገባችው። ማኬንዚ ደርን 3 ዓመቷ ላይ ምንጣፍ ላይ ስትወጣ ማንም ያልከለከላት እነዚህ ሴቶች ቀድመው ስለተከራከሩላት ነው። መምህር እንደመሆንዎ ለተማሪዎችዎ ከደርን በፊት የኢቮኔን ስም ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በጁጂትሱ ብቻ መኖር ይቻላል?
*ወጣት፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ በሜዳሊያ አይቻልም። ስፖርቱ ኦሊምፒክ ውስጥ የለም፤ በብዙ ውድድሮች ተወዳዳሪዋ ናት የመመዝገቢያ የምትከፍለው። የሚኖሩት በማስተማር፣ በየከተማው ሴሚናር በመስጠት፣ በቪዲዮ ትምህርትና በስፖንሰር ነው። የቻሉት ጂም ይከፍታሉ። እንደ ደርን ያሉት ጥቂቶች ወደ ዩኤፍሲ ይሻገራሉ፤ በስማቸውም በገንዘቡም ምክንያት። ሥራ ወይም ትምህርት ካለሽ አትተዪ፤ ማታ ማታ ሥሪ።

ጥያቄ፦ ሁላችሁም ስለ አሸናፊዋ ነው የምትጽፉት። የተሸነፈችው ጃንዲሮባ ማን ናት?
*አንባቢ፣ ከስቶክሆልም*

መልስ፦ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ ባለፈው እትም ስሟን ብቻ ጠርቼ ማለፍ አልነበረብኝም። ቪርና ጃንዲሮባ የባሂያ ሴት ናት፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከምትገኘው ሴሪንያ ከተማ። በ1988 ነው የተወለደችው። እሷም የጁጂትሱ ባለ ጥቁር ቀበቶ ናት። «ካርካራ» ይሏታል፤ በዚያ ደረቅ አገር የሚኖር አዳኝ ወፍ ነው። ዩኤፍሲ ከመግባቷ በፊት በ2018 ሴቶች ብቻ በሚፋለሙበት ኢንቪክታ ሻምፒዮን ነበረች።

ወደ አቡዳቢው ፍልሚያ የገባችው 5 ጊዜ በተከታታይ አሸንፋ ነው። ያሸነፈቻቸውን ሴቶች ስም ሲያዩ ይገርምዎታል። ደርን በ2021 በማሪና ሮድሪገዝ፣ በ2022 በያን ሺያኦናን፣ በ2024 በአማንዳ ሌሞስ ተሸንፋ ነበር። ጃንዲሮባ ሦስቱንም አሸንፋለች፤ ሌሞስን እንዲያውም በአርምባር። ደርን በ2023 መጨረሻ ላይ በጄሲካ አንድራዴ ቡጢ ኒው ዮርክ ላይ ወድቃ፣ ወዲያው በሌሞስ ተሸንፋ፣ ብዙ ሰው አበቃላት ብሎ ነበር። ከዚያ ሉፒ ጎዲኔዝን፣ ከዚያ ሪባስን አሸነፈች። ዣንግ ዌይሊ ወደ ላይኛው ክብደት ለመውጣት ቀበቶዋን ስትለቅ ነው ሁለቱ የተገናኙት። በወረቀት ላይ ስናሰላው ብዙዎቻችን ጃንዲሮባ ናት ብለን ነበር።

ታዲያ ደርን እንዴት አሸነፈች? ሁለቱም መሬት ላይ ሊቅ ስለሆኑ አንዷ ሌላዋን በቀላሉ እጅ ልታሰጥ አልቻለችም። ልዩነቱ የመጣው ቆመው ሲፋለሙ ነው። ደርን በ2016 ከሀ ሁ የጀመረችው ያ የቡጢ ሥራ ቀኑ ሲደርስ በአምስቱ ዙሮች ውስጥ ከዳኞቹ ወረቀት ላይ ነጥብ አስቆጠረላት። በ2020 ስትገጥማት ያልነበራት ነገር ነው። ጃንዲሮባ ያን ማታ 37 ዓመቷ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ ወደ ፊት ስትመጣ አይቻታለሁ። ፍልሚያውን ካገኙት ድጋሚ ይዩት፤ በዚህኛው ግን ዓይንዎን በእሷ ላይ ያድርጉ።